በአቃቂ መንገድ ዳር የተሰቀሉ ፊቶች

ከአሰብ የመጣ ኤንትሬ የጭነት መኪና ቃሊቲ ሲደርስ ፍሬኑ እየተነፈሰ ይቆማል። ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ጎማዎቹን በብረት እየመታ ይዞራል፤ ሾፌሩ ወገቡን ይዞ ይንጠራራል። አቧራው ገና ሳይበርድ ዐይኑ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሙዚቃ ቤት ላይ ያርፋል። መስኮት ይባል እንጂ መስታወቱ አይታይም፤ ከላይ እስከ ታች ካሴት ተደርድሮበታል። በሩ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ይጮኻል።

«ጋሼ፣ አዲስ ገብቷል!» ይላል ሻጩ ልጅ።

«የማን ነው?»

ልጁ ስም አይጠራም። ካሴቱን ያወርድና ፊቱን ወደ ሾፌሩ አዙሮ ያሳየዋል። ሾፌሩ ፎቶውን አየት አድርጎ እጁን ኪሱ ይከታል፤ ካልሆነም «ይሄ ልጅ ደግሞ መቼ ተነሣ?» ብሎ «እስቲ አሰማኝ» ይላል። ሞተሩ አልጠፋም። ከፊቱ ገና ብዙ መንገድ አለ።

በደርግ ዘመን ማብቂያና ከዚያ ቀጥለው በመጡት ዓመታት በአቃቂና በቃሊቲ ያደገ ሰው ይህችን ትዕይንት ያውቃታል። ዘፈን የሚሸጠው በጆሮ ነው ቢባልም በዚያ መንገድ ዳር ዐይን ይቀድም ነበር። ዘፈኑ እስኪሰማ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሽፋኑ ግን ሥራውን የሚጨርሰው አንድ መኪና ቆሞ እስኪነሣ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

አቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ የደቡብ በር ናት። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በአቃቂ ነው። ቀጥሎ ፋብሪካው መጣ፦ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ምግቡ። በሥራ መውጫ ሰዓት ከፋብሪካ በር የሚፈሰው ሕዝብ ከወሎም፣ ከጉራጌም፣ ከጎጃምም፣ ከወላይታም የመጣ ነው። በገበያ ቀን ደግሞ የዙሪያው የኦሮሞ ገበሬ ጤፉንና ሽምብራውን ጭኖ ይገባል። በዚህ ሁሉ ላይ ሾፌሩና ረዳቱ ሲጨመሩ፣ አንዲት የሙዚቃ ቤት መስኮት ለስንት ዓይነት ገዢ መናገር እንደነበረባት መገመት አያስቸግርም።

ነገሩን ትንሽ ወደ ኋላ ወስዶ ማየት ደስ ይላል፤ ምክንያቱም አቃቂ ከድምፅ ጋር ያላት ትውውቅ ከካሴት በፊት ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1935 ማሰራጨት የጀመረው በአቃቂ ከተተከለው ጣቢያ ነበር። ጣቢያውን የሠራው የኢጣሊያ ኩባንያ መሆኑ ዛሬም ያስገርማል፤ በዚያው ዓመት የኢጣሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባና ንጉሠ ነገሥቱ የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም ያሰሙት በዚያው ማሰራጫ ሆነ። የዚያን ጊዜ ድምፅ ፊት አልነበረውም። አድማጭ የተናጋሪውንም ሆነ የዘፋኙን መልክ በልቡ ይሥል ነበር።

ለድምፁ ፊት የሰጠው ሸክላ ነው። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በ1940 ዓ.ም. ግድም በወጣ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ለሃያ ዓመት ያህል ቆየ። የሚዘፍኑትም ቢሆኑ አብዛኞቹ የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ሰዎች ነበሩ፤ መድረክ ላይ ሲታዩ መለያቸው የደንብ ልብሳቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው አምሃ እሸቴ ያንን ድንጋጌ ከቁብ ሳይቆጥር በራሱ ስም «አምሃ ሪከርድስ»ን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሥራው የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ነበር። ዓለማየሁ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣ ልጅ ነው፤ በጸጉሩና በአለባበሱ የተነሣ «የሐበሻው ኤልቪስ» የሚል ስም የወጣለት። በዚያ ዘመን ሽፋን ላይ የሚታየው ወጣት ደንብ ልብሱን አውልቋል። ጸጉሩ አፍሮ ነው፤ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፊ ነው፤ ሱሪው ከታች ይሰፋል። ይህ ሰው የማንም ሠራዊት አባል አይደለም፤ የከተማ ልጅ ነው፤ ሸክላውንም የሚገዛው እንደሱ መልበስ የሚፈልግ ሌላ የከተማ ልጅ ነው። ለማን እንደተሠራ ሽፋኑ ራሱ ይናገራል።

አምሃ እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ባለሁለት ዘፈን ሸክላዎችና አሥር ምናምን ትልልቅ አልበሞች አሳትሞ አገር ለቆ ወጣ። በአሊ ታንጎ ስም የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋ በ«ካይፋ ሪከርድስ»፣ ፊሊፕስም በኢትዮጵያ ቅርንጫፉ በየፊናቸው ያሳትሙ ነበር። ባንዶቹም ስም ማውጣት ያውቁበት ነበር። ዋልያስ አለ፤ አይቤክስ አለ፤ ሁለቱም ያው የተራራ ፍየል ናቸው፤ አንዱ በአገር ስም፣ ሌላው በፈረንጅ ስም። ዳህላክ ደሴቱን ወሰደ። አይቤክስ ኋላ ላይ ሮሃ ሲባል ስሙን ከላሊበላ የጥንት መጠሪያ አገኘ። ዛሬ ባለሙያ ተቀጥሮ፣ ስብሰባ ተቀምጦ የሚወጣ የንግድ ስም ከእነዚህ የተሻለ መሆኑ ያጠራጥራል።

ሸክላ ግን አቃቂ ድረስ ብዙ አልዘለቀም። ማጫወቻው ውድ ነው፤ መብራት ይፈልጋል፤ ጋቢና ውስጥም አይሠራም። ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽት ክበቡ ጭር አለ። ሙዚቃው ወደየቤቱ ገባ፤ የገባውም በካሴት ነው።

ካሴት የሾፌር ዕቃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በባትሪ ይሠራል፤ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ክሩ ሲጨማደድ በቢክ እስክሪብቶ እየተጠመዘዘ ይጠቀለላል። ዳሽቦርዱ ላይ ተደርድሮ ፀሐይ ሲመታው ሽፋኑ ይደበዝዛል። አንድ ሾፌር የማን አድናቂ እንደሆነ ለማወቅ ጋቢናውን ማየት ይበቃል፤ የሚወደው ዘፋኝ ፎቶ ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ጎን ተለጥፎ ይገኛል። በየመንገዱ የሚሄደው መኪና ራሱ ማስታወቂያ ሆነ ማለት ነው። ኤንትሬው አዋሽ ላይ ሲቆም፣ ሚሌ ላይ ሲያድር፣ የቃሊቲው ፊት አብሮት ይጓዛል።

አሁን ያችን ወረቀት ቀረብ አድርጎ ማየት ነው። የካሴት ፊት ስፋቱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር በ6 ተኩል ነው። ወረቀቱ ታጥፎ በፕላስቲኩ ክዳን ውስጥ ይገባል፤ ፊት አለው፣ ወገብ አለው፣ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ምላስ አለው። ፊቱ የዘፋኙ ነው። ወገቡ ላይ ስሙ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል፤ ካሴቱ ሲደረደር የሚታየው እሱ ብቻ ስለሆነ። በምላሱ ላይ የዘፈኖቹ ዝርዝር፣ የግጥምና የዜማ ደራሲው፣ ያቀናበረው፣ ያጀበው ባንድ ይሰፍራል፤ ከሥር ደግሞ የሙዚቃ ቤቱ ስምና አባዝቶ መሸጥ ክልክል መሆኑ። ኤሌክትራ፣ አምባሰል፣ ታንጎ፦ እነዚህ ስሞች ከዘፋኙ ስም እኩል ይነበቡ ነበር። ገዢው ዘፋኙን ባያውቀው እንኳ አሳታሚውን አይቶ «ይሄ ቤት ዝም ብሎ አያወጣም» ይላል። ከሥር «ሮሃ ባንድ» የሚል ካለበት ደግሞ ክርክሩ ያልቃል።

ፎቶው ሥርዓት ነበረው። ወንዱ እጁን አገጩ ላይ ያደርጋል፤ ከካሜራው ትንሽ ዘወር ብሎ ሩቅ ያያል፤ ቆዳ ጃኬት ወይም ኮት ከነከረባቱ ለብሷል። ሴቷ ጸጉሯን ለቃ ወይም ሹሩባ ተሠርታ ፈገግ ትላለች። ከኋላ ፏፏቴ ወይም የፎቶ ቤት መጋረጃ አለ። ኮምፒዩተር ከመግባቱ በፊት ስሙን የሚጽፈው የእጅ ጸሐፊ ነበር፤ የሱቅ ሰሌዳ የሚጽፈው ያው ሰው። ፊደሉን ያወፍረዋል፤ በቢጫ ሞልቶ በቀይ ይከብበዋል፤ ከሥሩ ጥላ ያደርግለታል። የ«ኤ» ቀለበት ወይም የ«ን» እግር ተስቦ ጽጌረዳ ይሆናል። አጊጠው ያበዱ ሽፋኖች ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ዐይን ያማል። ቢሆንም ከመንገድ ማዶ ይነበባል፤ ጸሐፊው የተከፈለውም ለዚህ ነው። በሥዕል ትምህርት ቤት መለኪያ ያን ፊደል የሚነቅፍ ሰው በአቧራ መሐል ቆሞ ሊያነበው ያልሞከረ ነው።

የመስኮቱ አደራደር ራሱ ካርታ ነበር። ኮትና ከረባት ዘመናዊውን ያመለክታል። ማሲንቆ፣ ጥለት ያለው ነጭ ልብስና ጭራ የባህል ዘፈኑን ይጠቁማሉ፤ ለገበያ የመጣ ገበሬም ሆነ አገሩን የናፈቀ የፋብሪካ ሠራተኛ ማንበብ ባይችል እንኳ የራሱን በልብሱ ለይቶ ያነሣል። የጉራጌው፣ የትግርኛው፣ የኦሮምኛው ለየብቻው ረድፍ አለው። በ1984 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ በኦሮምኛው ረድፍ ላይ አንድ ለውጥ ታየ፦ ቁቤ ከመጣ ወዲህ ስሞቹ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመሩ። የአሊ ቢራን ፊት ሁሉም ያውቀዋል፤ ፊደሉ ግን ከዚያ ወዲያ ለማን ቅድሚያ እንደሚናገር ከሩቁ ይለያል። ከሙዚቃው ቤት ጥቂት ራቅ ብሎ የመዝሙር ሻጩ አለ። የተዋሕዶው መዝሙር ሽፋን የእመቤታችን ሥዕል ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ነው፤ ዘማሪው ካለም ነጭ ለብሶ ጥግ ላይ ይቆማል። የጴንጤው መዝሙር ሽፋን ላይ ግን ዘማሪው ኮት ለብሶ ፊት ለፊት ይታያል። ይህን ልዩነት ማንም አላስተማረም፤ የአቃቂ ሕፃን ሁሉ ያውቀው ነበር።

ወቅትም ነበረው። አዲስ ካሴት ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ እንዲደርስ ይጣደፋል፤ ፖስተሩ በዋዜማው ሳምንት በየሻይ ቤቱና በየጸጉር ቤቱ ይለጠፋል። ጸጉር ቤት በተለይ ሁነኛ ቦታ ነበር። ኤፍሬም ታምሩ ወይም ነዋይ ደበበ አዲስ ሽፋን ላይ ወጥቶ እንደሆነ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ግድግዳውን በጣቱ ያሳያል፤ «እንደዚህ ቁረጠኝ»።

ከዚያ የተቀዳው ካሴት አለ። ድሮም ሰው ባዶ ቲዲኬ ወይም ሶኒ ይዞ ሄዶ የመረጠውን ያስቀዳ ነበር፤ ሽፋኑም በእጅ የተጻፈ ዝርዝር ነው፤ ያ ውለታ ነበር። ኋላ ግን ቅጂው ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ፤ ሽፋኑም አብሮ ተባዛ። የተባዛውን የሚያጋልጠውም ሽፋኑ ነበር፦ ቀለሙ የገረጣ፣ የዘፋኙ ፊት እንደ ቢጫ በሽታ የመሰለ፣ ጠርዙ በመቀስ የተጣመመ። «ኦርጂናል ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዋጋው በፊት ይመጣ ጀመር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ ብዙ ባለሙያ ተስፋ አደረገ። አዋጁ ሲመጣ ግን ካሴቱ ራሱ መሸኛው ደርሶ ነበር።

በዚህ መሐል እነዚያው ዘፈኖች ውጭ አገር ሌላ ልብስ ለበሱ። ይህ መንገድ ቀድሞ የተጀመረ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ ያወጣው አልበም ርእሱ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» ነበር፤ አገር ቤት ቢሆን ማንም «ሙላቱ ዘኢትዮጵያ» ብሎ አይጠራውም፤ ለኒው ዮርክ ሰው ግን አገሩ ነው የሚሸጠው። እ.ኤ.አ. በ1986 የብራስልሱ ክራምድ ዲስክስ የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ለአውሮፓ አሳተመ። አስቴር አወቀን ትልቁ የሙዚቃ አሳታሚ ኮሎምቢያ በስሙ አወጣት። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ተከታታይ ሲዲዎች ማውጣት ጀመረ፤ ሠላሳ ያህል ቅጾችም ወጥተዋል። አሠራሩ ብልህ ነው። ሁሉም አንድ የወል ስም አላቸው፤ ሁሉም ተራ ቁጥር አላቸው፤ ገጻቸው ላይ የድሮ ፎቶግራፍ አለ። አንዱን የገዛ ሰው መደርደሪያው ላይ የጎደለውን ቁጥር እያየ ሌላውን ይፈልጋል። የፊልም ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ የሙላቱን ሙዚቃ ሲጠቀም ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ያንን ረድፍ መፈለግ ያዘ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው የኢትዮፒክስ ቅጽ የሚያወራው ስለ «ወርቃማው ዘመን» ነው፤ ለፈረንጁ የሚሸጠው ያለፈው ጊዜ ነው። የቃሊቲው መስኮት የሚሸጠው ግን ይህን ሳምንት ነበር። እዚያ «ድሮ» የሚለው ያስወድዳል፤ እዚህ «አዲስ» የሚለው። አንዱ ፎቶ፣ ያው አፍሮና ያው ሰፊ ኮሌታ፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ለአራዳ ልጅ «ዘመንህ ይኸው» ይለው ነበር፤ በፓሪስ መደብር ግን «ያላየኸው ዘመን» ይላል። ፎቶው ሳይለወጥ ገዢው ተለወጠ። የሙዚቀኛው የኃይሉ መርጊያ ነገርማ ከዚህም ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ይዞ ለካሴት የቀረጸውን ሥራ «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተባለ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አወጣው፤ ያኔ ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። የአሳታሚውን ስም ልብ ይሏል፦ «ቴፕስ»። አቃቂ ላይ በቁም ሣጥን ሥር የተጣለው ካሴት እዚያ ራሱ የንግድ ስም ሆነ።

አገር ቤትም ቢሆን ታስቦበት የሚሠራበት ጊዜ መጣ። በ2004 ዓ.ም. ቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው»ን ለፋሲካ ሲያወጣ ርእሱ ብቻውን ምኒልክንና ዓድዋን ይዞ ስለመጣ ፖስተሩ ገና ሳይሰማ መነጋገሪያ ሆነ። በዚያው እ.ኤ.አ. 2012 ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን አወጣ፤ የሮክ ጊታር የያዙ ወጣቶች ስማቸውን ከመኳንንቱ ባለ ቀይ ጥለት ልብስ ወስደው። በዓመቱ «የኛ» መጣች፤ አምስት ሴቶች፣ የሬዲዮ ድራማና ዘፈን በአንድ ስም ሥር፣ ታዳሚዎቿም ከመነሻው የተለዩ፦ ልጃገረዶች። ለማን እንደሚሠራ አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ መነሣት ለእኛ አዲስ ነገር ነበር። የእንግሊዝ ጋዜጦች «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ ሲቀባበሏት እ.ኤ.አ. በ2017 የእንግሊዝ መንግሥት ይሰጣት የነበረውን ገንዘብ አቆመ። ስሙ ግን ከገንዘቡ በኋላም ይታወሳል።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ሥራ ሲጀምር የድሮው መንገድ ዳር መልኩ ተቀይሮ ነበር። ካሴት ቤቶቹ መጀመሪያ ሲዲ፣ ቀጥሎ የስልክ መሸፈኛና ቻርጀር መሸጥ ያዙ። መናኸሪያው አካባቢ «ዘፈን እንጭናለን» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። የቅጥቅጥ ሾፌር ፍላሹን ያቀብላል፤ ልጁ ከኮምፒዩተሩ ላይ መቶ ሁለት መቶ ዘፈን በአንድ ጊዜ ይገለብጥለታል። ፊት የለም፤ የአሳታሚ ስም የለም፤ የግጥምና የዜማው ባለቤትም የለም። «አዲስ ጫንልኝ፣ ማሲንቆም ቀላቅልበት» ይላል ሾፌሩ። እንዲህ ሲታሰብ ነገሩ ወደ አቃቂው ሬዲዮ ዘመን ተመልሶ ነበር።

ፊቱ የተመለሰው በዩቲዩብ ነው። አሁን የዘፋኙ ምስል በስልክ ላይ የሚታይባት አራት ማዕዘን ከካሴቱ ፊት ታንሳለች፤ የእጅ ጸሐፊው ወፍራም ቢጫ ፊደል በቀይ ተከቦ እንደገና መጥቷል፤ ሠሪው ብቻ ተቀይሯል። ያኔ ሽፋኑ ቆሞ እስኪነሣ ካለ መኪና ጋር ይሽቀዳደም ነበር፤ ዛሬ ከአውራ ጣት ጋር ይሽቀዳደማል። የዛሬዎቹ ሠሪዎች በየቀኑ ስንት ሰው እንደከፈተው ቁጥሩን ያያሉ። የድሮው ሻጭ ልጅ ቁጥር አልነበረውም፤ መስኮቱ ላይ የቀረውን ክፍተት አይቶ ነበር የሚያውቀው።

አንድ ነገር ግን ሳይጻፍ ቀርቷል። በካሴቶቹ ምላስ ላይ ገጣሚው አለ፤ ዜማ ደራሲው አለ፤ ባንዱ አለ፤ አሳታሚው አለ። ፎቶውን ያነሣውና ፊደሉን የጻፈው ሰው ስም በአብዛኞቹ ላይ የለም። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ካሉ አርጅተዋል። ስለዚህ አቃቂም ይሁን ሌላ ቦታ በአልጋ ሥር ወይም በአሮጌ ሻንጣ ካሴት ያላችሁ ሰዎች፣ ክሩ ቢበጠስ እንኳ ወረቀቱን አትጣሉት። አውጡትና በሁለቱም ገጹ ፎቶ አንሡት፤ የት ሱቅ፣ በስንት ዓ.ም. እንደተገዛ ካስታወሳችሁ ከጀርባው ጻፉበት። ሽፋኑን የሠራውን ሰው የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ስሙን።